ተገልብጦ የታተመው ጉሬዛ

ለሜሳ ጉሬዛዬን የወሰደብኝ በ1996 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። እሱ አምቦ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር፣ እኔ ደግሞ የባዮሎጂ መምህርትና የተፈጥሮ ክበቡ ኃላፊ ነበርን። እሱ በመኪና አድርሶኝ፣ ጭልሞ ደን ውስጥ ሦስት ቀን መሬት ላይ ተኝቼ፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከዝግባ ላይ የምትዘል ጉሬዛ አነሳሁ። ፊልሙን «አዲስ አበባ አሳጥቤልሽ እመጣለሁ» ብሎ ተቀበለኝ። ታጥቦ የመጣው ግን በራሱ ስም ነበር። ፎቶው በኤግዚቢሽን ተሰቀለ፤ ፖስትካርድም ሆነ። ነጋቲቩ «ጠፋ» ተባለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ማስረጃ ስላልነበረኝ ይቅር ተባባሉ አሉን። ነገሩን ሁለተኛ ላናነሳው ቃል ገብተን እጁን ጨበጥኩ።

አንድ ፖስትካርድ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ ፊቱን ደፍቼ አስቀመጥኩት። በ2004 መስከረም መጨረሻ፣ ጡረታ በወጣሁ በወሩ፣ ያንን ዛፍ ደግሜ አንስቼ ባኮ ድረስ ልወስድለት ተነሳሁ። ለሜሳ የሚኖረው እዚያ ነው። የምፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ «ያንቺ ነው» እንዲለኝ።

ጭልሞ፣ ረፋድ

ከአምቦ በጠዋቱ ሚኒባስ ጊንጪ ወረድኩ። ከዚያ ወደ ደኑ በእግር ነው። ክረምቱ የተወው ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ሁለት ጊዜ አስቀመጠኝ። የደን ጠባቂው ኦቦ ገመቹ ያኔም እዚያው ነበሩ።

«ባርሲስቱ! አካም ጅርቱ?» አሉኝ። መምህርት፣ እንዴት ነዎት ማለታቸው ነው። «ዛሬም ጭቃ ላይ ሊተኙ ነው?»

«ዛፉን ያሳዩኝ እንጂ አልተኛም።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ዛፉማ የለም።»

ጉቶው ነበር፤ ሣር ከቦታል። ዝግባውን ለጣውላ ቆርጠው ወስደውታል፣ ጉሬዛዎቹም ወደ ላይኛው ሸለቆ ሸሽተዋል። ጉቶው ላይ ተቀምጬ ፖስትካርዱን አወጣሁ። ከጉሬዛዋ ኋላ የሚታየው ተራራ ጫፉ ላይ እንደ ተሰበረ ጥርስ ያለ ክፍተት አለው። ቀና ብዬ ተራራውን አየሁት። ክፍተቱ በስተግራዬ ነው። ፖስትካርዱ ላይ በስተቀኝ ነው።

ነጋቲቭ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው። ገልብጠው ካተሙት ግራው ቀኝ ይሆናል። እዚህ ቦታ የቆመ ሰው ፎቶውን ሲያይ ስህተቱን ያውቅ ነበር። እኔ ራሴ ከንዴቴ የተነሳ አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አላየሁትም።

«ያ ሰውዬማ» አሉ ኦቦ ገመቹ የለሜሳን ስም ፖስትካርዱ ላይ አይተው፣ «እርስዎን ያደረሱ ቀን ጉንዳን ፈርተው መኪና ውስጥ ብርቱካን ሲልጡ ነው የዋሉት።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልመሰከሩልኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ ጠባቂ ምስክር ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ተራራውንና ጉቶውን አንስቼ ወረድኩ፤ ማምሻውን አምቦ አሳጠብኳቸው።

እጃጂ፣ ቀትር

በማግስቱ ወደ ባኮ የሚሄደው ቅጥቅጥ ጎማ ለመቀየር እጃጂ ቆመ። ቄራው አጠገብ ባሕር ዛፍ ላይ ጥንብ አንሳዎች ተደርድረው ስላየሁ ካሜራዬን አወጣሁ።

«እናቴ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እያለ አሞራ ታነሻለሽ?» አለኝ አንድ ተሳፋሪ።

«አሞራ ሰው ያነሳውን ፎቶ አይወስድበትም» አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ባኮ፣ ከሰዓት

ባኮ ሙቀቱ ከአምቦ ሌላ ነው። ከመንገዱ ዳር እስከ ጓሮ ድረስ በቆሎ ነው። ለሜሳ በረንዳው ላይ ከአንድ ጎረቤቱ ሽማግሌ ጋር ተቀምጧል፤ ግማሽ ጎኑ አይታዘዝም። በተከፈተው በር ጉሬዛዬ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትታያለች። ሚስቱ አደ ጫልቱ የተቀቀለ በቆሎ አቀረበች።

«አንቺ ነሽ? ካሜራ አሁንም አልተውሽም?» አለኝ ለሜሳ።

«እርስዎም ፎቶዬን ከግድግዳው አላወረዱም።»

ያሳጠብኩትን ከፖስትካርዱ ጎን አስቀምጬ ግራና ቀኙን አሳየሁ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን አነጻጸሩ።

«እውነትም ተገልብጧል» አሉ።

ለሜሳ አየው። «ጦጣዋ እንደሆነ ያችው ጦጣ ናት።»

«ጉሬዛ ናት። ያነሳት ሰው ጦጣ አይላትም።»

ያኔ ጫልቱ ተነሳች። «ይሄ ነገር በሽማግሌ አልቋል። እጅ ጨብጠሻል። አሁን እርቅ ያፈረሰ ማነው፣ እሱ ነው አንቺ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ፎቶዎቹን ሰብስበው ዐይኔን ሳያዩ መለሱልኝ። «ልክ ናት፣ የኔ እህት። የታረቁበት አይቆፈርም።»

«አንድ ቃል ነው የምለምነው» አልኩ። «ያንቺ ነው ይበሉኝ።»

ለሜሳ በደህና እጁ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ። «በቆሎውን ብዪ፤ ይቀዘቅዛል።»

ሳልቀምስ ወጣሁ። ጫልቱ ከኋላዬ «የሰው እህል ንቃ ሄደች» ስትል ሰማኋት።

አምቦ፣ ምሽት

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የጭልሞ ጭቃ ስፌቱ ላይ ደርቆ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ምስክር ሳይረፍድ መጠየቅ እንዳለበት ነው። የተራራውንም የጠባቂውንም ዋጋ ያወቅሁት ከእርቁ በኋላ ነው።

ለሜሳ በዚያው ዓመት ሞተ። የድሮ ባልደረቦቻችን ለለቅሶው መኪና ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። አልሄድም አልኳቸው። በማግስቱ ጭልሞ ሄጄ፣ ከኦቦ ገመቹ ጋር ላይኛው ሸለቆ ወጥቼ ስድስት ጉሬዛ አነሳሁ።