ሽንት ቤት በር ላይ የተደረገልኝ ጸሎት

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነቀምቴ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ሚስቴ «ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች። ለእሷም ቢሆን የነገርኳት በቅርቡ ነው፤ የሽንት ጉዳይ ነዋ!

በግልጽ ልናገር። አጠገቤ ሰው ካለ ሽንቴ አይመጣም። ሊያፈነዳኝ ቢደርስ እንኳ ከበሩ ውጭ ኮቴ ከሰማሁ በቃ፣ ቀጥ ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ከአንገር ጉቲን ወደ ነቀምቴ በመኪና ስንመጣ ሹፌሩ መንገድ ዳር ሲያቆም ወንዱ ሁሉ ይደረደራል። እኔም እደረደራለሁ። ዚፔን ከፍቼ ሰማይ ሰማይ አያለሁ፣ ከዚያ የጨረስኩ መስዬ ዘግቼ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ መኪናው በነጠረ ቁጥር የማየውን አሳር እኔና ፈጣሪዬ ነን የምናውቀው።

ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ወንድሜ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ፈተና አለፍኩ። የቀረኝ የጤና ምርመራ ወረቀት ብቻ ነበር። ሽንት እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ ዛሬ ነገ ስል የመጨረሻው ቀን ደረሰ። የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ ቁርጡን ነገረችኝ፤ «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላመጣህ ተጠባባቂውን እጠራለሁ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ባኬ ጃማ ሰፈር ያለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። ደሜን ወዲያው ወሰዱ። ከዚያ የላብራቶሪዋ ልጅ የፕላስቲክ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ቤት ወስጄ ላምጣ ወይ ብላት «የሰው ሽንት ይዘው እየመጡ አስቸገሩን፣ እዚሁ ነው» አለች።

ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፣ በሩ ቆርቆሮ ነው። የተራ ጠባቂዎች አግዳሚ ወንበር ደግሞ፣ ጥላ ያለው እዚያ ነው ብለው፣ በሩ ላይ ለጥፈውታል። ወንበሩ ላይ አምስት ስድስት ሴቶች የታመመች ጎረቤታቸውን አጅበው ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌም በትራቸውን ተደግፈው ነበር። ገባሁ። ምንም። ወጣሁ። ሁለት ሊትር ውሃ ጠጥቼ እንደገና ገባሁ። አሁንም ምንም። ሴቶቹ በገባሁ ቁጥር ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታቸው ነው የገደለኝ።

ሦስተኛ ስገባ አሥር ሰዓት ሆኗል። ከጭንቀቴ ብዛት ሳላውቀው ጮክ ብዬ አቃሰትኩ። በሩ ተንኳኳ።

«ኢልማ ኮ፣ ማል ታቴ? ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አሉ አንዲት እናት። ስማቸው አዴ ጫልቱ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅኩት፤ አዴ ወይዘሮ እንደማለት ነው።

«እምቢ አለኝ እናቴ» አልኩ።

ምነው አፌን በቆረጠው! ሴትዮዋ ሽንት ተከልክሎ ሊሞት ነው ብለው ጓደኞቻቸውን ጠሩ። ሁሉም የአንድ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን አባላት ናቸው ለካ! እጃቸውን ቆርቆሮው ላይ ጭነው ጀመሩ። «ያ ጎፍታ፣ ባኒ!» ይላሉ፤ ጌታ ሆይ ክፈት ማለታቸው ነው። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ትዘምራለች፣ በሩ ይንቀጠቀጣል። እኔ የጎጃሜ ልጅ፣ ማተብ ያሰርኩ ሰው፣ በአንድ እጄ ብልቃጥ በሌላው ሱሪዬን ይዤ «በሥላሴ፣ ተዉኝ!» እላለሁ። ማን ይሰማኛል?

ማንም! ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚያ ጩኸት መሀል እንኳን ሽንቴ የራሴ ድምፅም ለራሴ አልተሰማኝም። ትከሻዬ ሲላላ ታወቀኝ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ብልቃጡ ሞልቶ ፈሰሰ።

በሩን ስከፍት እልልታው ቀለጠ። ለአንድ ብልቃጥ ሽንት! የላብራቶሪዋ ልጅ ደንግጣ ወጣች። አዴ ጫልቱ ክንዴን ያዙና «በል፣ ጌታ ያደረገልህን መስክር» አሉኝ። በእነሱ ዘንድ እንዲያ ነው ልማዱ፣ የተፈወሰ ሰው ይመሰክራል። ሁሉም እኔን ያያል። ዝም ብዬ አሜን ማለት እችል ነበር። ግን በእግዚአብሔር ስም መዋሸት ከበደኝ።

«እናቶቼ፣ አልታመምኩም» አልኩ። «ሰው ካለ አይመጣልኝም። አፍራለሁ።» በሠላሳ አራት ዓመቴ ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ፊቴ እሳት ሆነ።

ከዚያ ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«እኔም» አሉ። «ሠርግ ቤት ስጠራ ከዋዜማው ጀምሬ ውሃ አልጠጣም። ብቻዬን ነኝ እል ነበር።»

ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም እኔም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። አዴ ጫልቱ ግን ፍንክች አላሉም፤ «እፍረትም በሽታ ነው፣ ጌታ ፈታህ» ብለው ደመደሙ። እኔም አልተከራከርኩም። ወረቀቴን ይዤ ስሮጥ መሥሪያ ቤቱ የደረስኩት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። ሥራው የእኔ ሆነ።

ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። አሁንም አንዳንዴ ይይዘኛል፤ ግን መደበቁን ተውኩ፣ ስተወው ደግሞ ቀለለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከአለቃዬ ጋር ገበያ መሀል ስናልፍ አዴ ጫልቱ ከሽንኩርት መደባቸው ብድግ ብለው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ «ኢልማ ኮ፣ ሽንትህ እንዴት ነው?» ብለው ተጣሩ። ገበያተኛው ዞረ፣ አለቃዬም ዞሩ። ድሮ ቢሆን ያን ቀን ነቀምቴን ለቅቄ እጠፋ ነበር።

«ይመጣል፣ አዴ! ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ!» አልኳቸው፣ እንዲሰማቸው ጮክ ብዬ።