የእትዬ ዘይነባ ምላጭ

ጥርር... ስፌት ሲተረተር የሚያወጣውን ድምፅ ዛሬም አልለመድኩትም። ዳባት ባለችው ሱቄ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ነው፤ ያም ሆኖ አንዳንዴ ምላጩ እጄ ላይ እንዳለ ክው እላለሁ። ወዲያው ደባርቅ የተማርንባት የቆርቆሮ ክፍል፣ የስፌት መኪናው ዘይት ሽታ፣ እትዬ ዘይነባም ፊቴ ድቅን ይላሉ።

እትዬ ዘይነባ የስፌት አስተማሪያችን ነበሩ፤ ሻሻቸው ላይ መርፌ ሰክተው የሚውሉ፣ ንግግራቸው ትንሽ፣ እጃቸው ግን ፈጣን። እኛ ከየገጠሩ ሙያ ልንማር የተሰበሰብን፣ ትምህርት ያቋረጥን ልጆች ነን። እኔ ከበየዳ የወረድኩት እናቴ በሞተች በዓመቱ ነው። አባቴ "ከተማ ሄዳ ጨርቅ ልትቀድልን!" እያለ ሲያሾፍ ጥዬው መጣሁ። እልኸኛ ነበርኩ፣ ምን ይደረግ።

አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ "ልብስ ሳትፈቱ እንዴት እንደተሰፋ አታውቁም። ነገ አሮጌ ልብስ ይዛችሁ ኑ" አሉን። እኔ ምን አሮጌ አለኝ? ከለበስኩት ሌላ ያለኝ እናቴ በእጇ የሰፋችልኝ አረንጓዴ ቀሚስ ብቻ ነው። ጠቦኝ መልበስ ካቆምኩ ሰንብቻለሁ፤ ግን የእሷ ነገር ሌላ ምንም አልቀረኝም። እንዳይሰረቅብኝ በየሄድኩበት ጠቅልዬ እይዘዋለሁ። በማግስቱም ጠረጴዛው ጥግ፣ ልጆቹ ካመጡት አሮጌ ልብስ አጠገብ አኖርኩት።

ውሃ ልጠጣ ወጣ ብዬ ስመለስ፣ ጥርር! የእናቴ ቀሚስ እትዬ ዘይነባ እጅ ላይ፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተከፍቶ።

"ኧረ የእናቴ ነው! እናቴ እኮ ሞታለች!"

ጩኸቴ እኔኑ አስደነገጠኝ። ምላጩ ከእጃቸው ወደቀ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። "ያ አላህ! ምን አደረግሁ!" አሉ። ቀሚሴን ነጥቄ፣ ዛሬውኑ አገሬ እገባለሁ ብዬ በሩ ጋ ደረስኩ።

"ልጄ፣ ቆዪ። ክሩን ነው የፈታሁት፣ ጨርቁን አልነካሁትም። እስቲ ውስጡን እዪው።"

አየሁት። በጎኑ ውስጥ አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ውጭውን ፀሐይና አጠባ አንጥተውታል፤ ውስጡ ግን ገና እንደ አዲስ አረንጓዴ ነው።

"ስታድጊ እንዲበቃሽ ብላ ነው ያተረፈችልሽ" አሉ እትዬ ዘይነባ።

ያን ቀሚስ የሰፋችው ታማ ተኝታ ሳለች ነበር። ሳድግ እንደማታየኝ አውቃ ኖሯል! እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሳቸውም አጠገቤ ቁጭ አሉ።

ቀሚሱን አስፍቼ መልሼ የገጠምኩት እኔው ነኝ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው። ለብሼው ልክክ አለ። እትዬ ዘይነባም ከዚያ ወዲያ "የማን ነው?" ሳይሉ የማንንም ልብስ ነክተው አያውቁም።

አምና አረፉ። ዛሬ የልጅ ቀሚስ ስሰፋ ውስጡን አተርፋለሁ፤ እናቶች "ጨርቅ አባከንሽ" ይሉኛል። ልብስ አስተካክይልኝ ብሎ የሚመጣውን ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ "የማን ነው?" እለዋለሁ። ብዙው ሰው ይስቃል፤ "የኔ ነዋ!" ይለኛል። አንዳንዱ ግን ልብሱን መልሶ እቅፍ ያደርጋል። ያኔ ምላጩን አስቀምጬ ወንበር አቀርብለታለሁ።