«ጥገኛ» መባልን የጠላ መሥሪያ ቤት

ዝናሽ አዳነ በደብረ ታቦር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። እናቷ ስለ ሥራዋ ሲጠየቁ «ሽቦ ታያለች» ይላሉ፤ እሷ ግን የምታየው ዝምድና ነው። የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ዋና ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ እንደሚኖር፣ አንዱ ሲጠፋ ማን ተከትሎት እንደሚወድቅ በኮምፒውተር ካርታ ላይ በቀስት እያገናኘች ትመዘግባለች። ካርታው ከዋሸ፣ ድንበሩን የተገፋ ገበሬ ለዳኛ የሚያሳየውን የይዞታ ማረጋገጫ የሚያትመው ፕሮግራም ማንም ሳያስበው ይቆማል።

ካርታውን ጨርሳ ለኃላፊዎች ባሳየች ዕለት የይዞታ ክፍል ኃላፊው አቶ ይሻው ዓይናቸውን አንድ ቃል ላይ ተከሉ። ከፕሮግራማቸው ተነሥቶ ወደ አሮጌው ሰርቨር በሚሄደው ቀስት ላይ «ጥገኛ» ተብሎ ተጽፏል።

«ጥገኛ ማለት ሆድ ውስጥ ያለ ትል ነው» አሉ። «ወይም ቤት አጥቶ ሰው ደጅ የተጠጋ። የኔ ክፍል የማንን ደጅ ነው የተጠጋው?»

«ክፍሉ አይደለም ጋሼ። ፕሮግራሙ ያለዚያ ሰርቨር አይሠራም ለማለት ነው።»

«እኛም ጥገኞች ነን መሰለኝ» አለች የፋይናንሷ ፍቅርተ፣ የራሷን ቀስት እያየች። «በሉ ለመሥሪያ ቤቱ ኮሶ ይታዘዝለት።»

ተሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን አንድም ኃላፊ ቃሉን በክፍሉ ላይ ሊያስቀር አልወደደም። «ጥገኛ» ቀርቶ «ተባባሪ» እንዲባል፣ መተባበርም እኩልነት ነውና የቀስቱ ጫፍ እንዲጠፋ ተወሰነ። ዝናሽ «ታዲያ ማን በማን ላይ እንደቆመ በምን ይታወቃል?» ብላ ጠየቀች። ውሳኔው ግን ጸና፤ ወደ ወንበሯ ተመልሳም የቀስቶቹን ጫፍ አንድ በአንድ መለመለች። ታዝዤ ነው ማለት እጅን አያነጻም፤ ካርታው ሐሰት መሆኑን ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው እሷ ነበረችና።

አጎቷ ሞተውባት ጉና ተራራ ሥር ወዳለው መንደሯ ለለቅሶ በሄደችበት ሰሞን አሮጌው ሰርቨር ከቦታው እንዲነሣ ታዘዘ። ሬድዋን የተባለው አዲስ ቴክኒሻን ካርታውን ቢያይ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይተባበራል። ጠንቃቃ ነበርና ፕሮግራማቸው አሮጌውን ሰርቨር ይፈልግ እንደሆነ አቶ ይሻውን ጠየቃቸው።

«እኛ የማንም ጥገኛ አይደለንም» አሉት።

ነቀለው።

ዝናሽ ስትመለስ ማረጋገጫ የሚያትመው ፕሮግራም ቆሞ፣ ግቢው ከአንበሳሜና ከየገጠሩ በመጣ ሰው ተሞልቷል። አቶ ይሻው ደጃፉ ላይ ቆመው «መብራት ጠፍቶ ነው፤ ታገሡ» ይላሉ፤ ከራሳቸው በላይ አምፖሉ ይበራል። ሕዝቡ አምፖሉን እያየ በጨዋነት ይጠብቃል። ዝናሽን ግን ከሰውየው ውሸት ይልቅ የገዛ እጇ ሥራ ገማት።

«ዳኛው ለዛሬ ከሰዓት ነው የቀጠረኝ» ይላሉ እማማ አበበች የተባሉ ባልቴት፣ ለማንም ሳይሆን። «ባዶ እጄን ብቀርብ መሬቴን ለገፋው ሰው ይሰጡታል።»

«መብራት አልጠፋም እማማ» አለቻቸው ዝናሽ፣ ሁሉም እየሰማ። «የኮምፒውተሩን ካርታ እኔ አበላሽቼው ነው። ወረቀቱ ለዛሬ አይደርስም፤ እኔ ግን ፍርድ ቤት አብሬዎት ሄጄ ይህንኑ እናገራለሁ።»

«ማንን አስፈቅደሽ?» አሉ አቶ ይሻው።

ዝናሽ ሰርቨሩን ወደ ቦታው እንዲመልስ ለሬድዋን ነግራ ባጃጅ አስቆመች። እማማ አበበች ተሳፍረው ሊመርቋት እጃቸውን ሲያነሡ፣ «ይቆዩ እማማ» አለች፤ «መጀመሪያ ዳኛው ይስማን።»