የሁሩሙ ማርና የመቱ ሩጫ

ዛሬ ልምምድ ላይ አንዷ ልጅ ውሃዋ ውስጥ ማር ስትበጠብጥ ሽታው ሲደርሰኝ አፍንጫዬን ይዤ ራቅ አልኩ። ማራቶን የምትሮጥ ሴት ማር ትፈራለች ብለው ሳቁብኝ። እኔም የጫማዬን ክር እያጠበቅኩ በሐሳብ የተወለድኩባት ሁሩሙ ደርሼ ተመለስኩ።

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያስተምረኝ ስላልነበረ፣ ያለኝ ተስፋ መቱ ላይ ለሩጫ ማሰልጠኛ ልጆች የሚመረጡበት ውድድር ብቻ ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ሆነና ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ ማር ሻጮቹ ወሬውን ሰሙ። እኛ ዘንድ መንገደኛን ባዶ አፉን መሸኘት ነውር ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ ማሩን ከነሰፈፉ አጎረሱኝ፤ አጠገባቸው ያለችው ሻጭ ደግሞ «የእሳቸውን ተይው፣ ውሃ ነው፤ ጉልበት የሚሆነው የኔ ነው!» ብላ ጨመረችልኝ። ሰው ሲያየኝ ነጠላዬን የምነክስ ዓይን አፋር ነበርኩና የዘረጉልኝን ሁሉ ዋጥኩ። ባለሱቁ ጋሼ ከድር «ኧረ ልጅቷን ቀፎ አደረጋችኋት!» እያሉ ይስቃሉ።

መቱ ላይ ከፊት እየመራሁ ሳለ ሆዴ ከዳኝ። ዝናብ ባራሰው ሜዳ ዳር፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አስመለስኩ፤ አፌን ጠርጌ ስመለስ ሁሉም አልፈውኝ ስለነበር መጨረሻ ገባሁ።

መራጩ «የማር አገር ልጅ፣ ሂጂ ማርሽን ብዪ፤ ሩጫ የደገኛ ነው» አለኝ።

በሰው ፊት ድምፄን ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ጋሼ፣ የከዳኝ ሆዴ ነው፣ እግሬ አይደለም። አሁኑኑ ከአንደኛዋ ጋር ያሩጡኝ!» አልኩት። ስቆ ሄደ።

ዓመቱን ሙሉ በቡናው መሃል ባለው የእግር መንገድ ብቻዬን ሮጥኩ። የምርጫው ቀን ሲደርስ እትዬ ጫልቱ ሰፈፉን ይዘው «ጃባዱ፣ በርቺ የኔ ልጅ» እያሉ መጡ። «አልበላም» አልኳቸው። ሌሎቹ ማር ሻጮች አኩርፈው ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ እሳቸው ብቻ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ፤ ማሩም በጣቶቻቸው መሃል ይንጠባጠብ ነበር። በዚያ ቀን ተመረጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ሮጫለሁ። እትዬ ጫልቱም አርፈዋል፤ ሳልጠይቀው በእጁ የሚያጎርሰኝ ሰው ዛሬ የለኝም። ቢቆጨኝም አልጸጸትም። አሁን ደግሞ ጉልበትሽ አልቋል፣ በቃሽ፣ አግቢና ተቀመጪ የሚሉኝ በዝተዋል። እንቢ ማለትን የጀመርኩት በሚወዱኝ ሰዎች ላይ ነው፤ እነዚህን እንቢ ማለትማ ምን ይከብደኛል? ነገም እሮጣለሁ።