ጫማዬ ከታች ቀረ

ሊፍት «ዲንግ» ብሎ በሩን በከፈተ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰዎች እግር ነው። ዕድሜዬ አርባን አልፏል፤ የምሠራውም ዘጠኝ ፎቅ ባለው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ አመሉ ግን አልተወኝም። የዘመኔ ልጆች፣ በተለይ ኢየሩሳሌም አጠገብ መቫሰረት ጽዮን የአዲስ ገቢዎች ሰፈር ያደጋችሁ፣ ዘፈኑን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ከየት እንደመጣና ወሬውን ያወጣችው አፈ ቀላል ማን እንደነበረች ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ገጠር ከመጣን ገና ሁለት ወር አልሞላንም። እናቴ ዓይኗን ታማ ኢየሩሳሌም፣ ሃነቪኢም የሚባል መንገድ ላይ ያለ ሐኪም ዘንድ ተላከች፤ እኔ በዕብራይስጥ አሥር ቃል የማላሟላው ደግሞ አስተርጓሚዋ ሆኜ ተከተልኳት። መንገዱ ጠፋንና በግንብ አጥር መካከል ወደሚያልፍ ጠባብ መንገድ ታጠፍን። ድንገት አንድ በር ላይ የኛን ፊደል አየን። የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ነበር። ደጃፉ ላይ የተደረደረ የጫማ መዓት አለ። አንድ መነኩሴ ጥርት ባለ አማርኛ የሐኪሙን ሕንፃ አመለከቱን። እናቴ ግን ከጫማዎቹ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። እኛ አይሁድ ነን፣ ቤተ ክርስቲያን አንገባም፤ አገር ቤት ጸሎት ቤታችን ስንገባ ግን እኛም እናወልቅ ነበር። «እዚህም ያወልቃሉ ለካ» አለች፣ ደስ ብሏት።

ሕንፃው ውስጥ ስንገባ ግድግዳው ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ መስታወት ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ክፍል ነው። ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። እናቴ አንድ አፍታ አየቻቸውና ጫማዋን አውልቃ በሩ ሥር አስቀመጠች፤ እኔንም በዓይኗ አዘዘችኝ። የወለሉ ቅዝቃዜ እስከ ጉልበቴ ወጣ። በሩ ተዘጋ፣ ወለሉም ከነእኛ ተነሣ። እናቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ «ዲንግ» ሲል በባዶ እግራችን ወረድን፤ የሐኪሙ ጸሐፊ ከእግራችን እስከ ራሳችን አየችን። ስንመለስ በደረጃ ነበር። አንድ ደግ ሰው አራቱን ጫማ አጣምሮ ከግድግዳው ሥር አስጠግቶልናል።

አውቶቡሱ ውስጥ እናቴ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች። «ይኼ ወሬ ከዚህ አውቶቡስ እንዳይወርድ!»

ከእኔ ጋር አብሮ ወረደ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ፈንታሁን፣ ዳቦ ቤት ይሠራል፤ ከሥራ መልስ አንዲት ትንሽ ኦርጋን ይነካካል። ሁልጊዜ እርሾ እርሾ ይሸታል፣ ኪሱም ቸኮሌት አያጣም። እኔም ለአንድ ቸኮሌት እናቴን ሸጥኳት። ሆዱን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። በሳምንቱ ዘፈኑ በካሴት ወጣ፤ የሊፍቱን «ዲንግ» በማንኪያና በብርጭቆ ነው የቀዳው።

ጫማዬ ከታች ቀረ፣ እኔ ወጣሁ ላይ፣
ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በባዶ እግር ልታይ?

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ካሴቱ ከቤት ቤት ሲባዛ ከረመና አንድ የሠርግ ዘፋኝ ወስዶ እስክስታ አደረገው፤ ፎቁንም ለማድመቅ ሲል አምስተኛ አለው። ትምህርት ቤት ልጆች በዕብራይስጥ አዙረው ገመድ ሲዘሉ ይቆጥሩበት ጀመር፤ የተሳሳተች ትወጣለች፣ ያልተሳሳተች አሥረኛ ፎቅ ትደርሳለች። እኔ ራሴ አሥረኛ ደርሼ አውቃለሁ። ወታደር ሳለሁ ጓደኞቼ ለሰልፍ መርገጫ «ጫማዬ» የሚለውን በ«ቦት ጫማዬ» ቀይረው ሲያዜሙት፣ ሃያኛ ደርሷል። ኋላ ወጣቶች ራፕ አደረጉት። እነሱ ዘንድ ሴትዮዋ አርባኛው ፎቅ ላይ ናት፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ አርባ ፎቅ የት እንዳዩ እንጃላቸው።

እናቴ ግን በየሠርጉ ያ «ዲንግ» ሲሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ቀስ ብላ ከአዳራሽ ትወጣለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ትመለሳለች። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። እኔ አዳራሹ ውስጥ ከሰው ጋር እየጨፈርኩ በሩን በሩን አያለሁ። የዚያን ቸኮሌት ዕዳ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሸክሜያለሁ።

ዘንድሮ ልጄ ኖጋ ዐሥራ ሁለት ሞላትና ባት ሚጽቫዋን፣ ሴት ልጅ ለሕግ የምትበቃበትን በዓል፣ ልንደግስ ሆነ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ያንን ዘፈን ነው። አይሆንም አልኳት። «ላማ? ለምን?» ብላ ድርቅ አለች። በሳምንቱ መጨረሻ እናቴ ቤት ወስጃት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ምስር ስንለቅም፣ በመጨረሻ ተነፈስኩት።

«እማዬ፣ ለአጎቴ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ ከምስሩ ላይ ቀና አላለችም። «ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል? የነበርነው እኔና አንቺ፤ ነጮቹ አማርኛ አያውቁ!»

«ካወቅሽ ለምን አልተቆጣሽኝም? ለምንስ ትወጫለሽ?»

«ልጅ መናገሩ አይቀርም። እኔን የሚያስወጣኝ ዘፈኑ ሞኝ ስላደረገኝ ነው። ማዓሊት የሚሉትን ሊፍት አላውቅም ነበር፣ እሱ አያሳፍረኝም። ግን ሰዎቹን አላየሻቸውም? ሦስቱም ጸጥ ብለው፣ ባንድ ወገን ዞረው፣ ሽቅብ አንጋጠዋል። አገሩ ኢየሩሳሌም ነው። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ አወለቅሁ። ይቺን አንድም ዘፋኝ አላነሣት።»

አብሬያት ነበርኩ፣ እጇን ይዣት ነበር፤ ግን ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ሰዎቹ ያንጋጠጡት በሩ ላይ የሚበራውን የፎቅ ቁጥር ለማየት ነበር። ኖጋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ዋጠችና አያቷን እቅፍ አደረገቻት። «ሳቭታ፣ አያቴ፣ አንቺ ዘፍኝ። ባት ሚጽቫ የኔ ነው፣ በቃ!»

የድግሱ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ አጎቴ ፈንታሁን በሸበተ ራሱ ማንኪያና ብርጭቆ ይዞ ብቅ አለ። «ዲንግ» ሲያደርግ እኔ እንደ ልማዴ ወደ በሩ ዞርኩ። እናቴ በሩ ዘንድ አልነበረችም። መሐል ቆማ፣ ኖጋ ማይክ ይዛላት፣ ራሷ የገጠመችውን ታወርደዋለች።

ሁሉም ጸጥ ብሎ ሲያይ ወደ ላይ ወደ ላይ፣
ጸሎት ቤት መስሎኝ ነው፤ ይኼ ያስቃል ወይ?

አዳራሹ ሳቀ፤ እናቴም አብራ ሳቀች። አጎቴ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

ያኔ ከተማው አዲስ፣ እኛም አዲስ ነበርን፤ ጸጥ ብሎ የቆመ ሰው ሁሉ የሚጸልይ ይመስለን ነበር። ዛሬ ሊፍት ውስጥ ሰው ስልኩን ነው የሚያየው፣ የሚያንጋጥጥም የለ። እኔ ግን ሰሞኑን ማንጋጠጥ ጀምሬያለሁ። ዘፈኑንም ኖጋና ጓደኞቿ ይዘውት ሲሄዱ እሰማለሁ፤ ከአርባኛው ወርዶ፣ እናቴ በባዶ እግሯ የቆመችበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሟል።