ሳይመረጥ የቀረው የግራ ክንፍ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ኮሎምበስ አጠገብ ደብሊን በሚገኘው ቤታችን ምድር ቤት ልጄና ሁለት ጓደኞቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረው የአሜሪካ ፉትቦል ድራፍት ይመለከቱ ነበር። ድራፍት ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ነው፤ ልጄ ከልደቱ ቀን አብልጦ ይጠብቀዋል። የተጣጠፉ ልብሶች ይዤ ደረጃውን ስወርድ የሚደግፉት ቡድን ተራ ደርሶ የአንድ ወጣት ስም ተጠራ። ሦስቱም በአንድ ድምፅ "ቡ!" አሉ።

"ሁ ኢዝ ዚስ ጋይ?" አለ ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ማን ነው ብሎ ትራስ ወርውሮ።

"ኖባዲ ዋንትስ ሂም!" አለ አንዱ ጓደኛው፤ ማንም አይፈልገውም ማለቱ ነው።

በቴሌቪዥኑ ውስጥ የተመረጠው ወጣት እያለቀሰ አባቱን አቅፎ ነበር። አባትየው የልጁን ጀርባ በመዳፉ ደጋግሞ ይመታል፤ የእኛ ቤት ጩኸት አይሰማውም። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ደጋፊ እንዲህ ነው። እኔ ግን ልብሶቹን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ወደ ላይ ተመለስኩና፣ መብራት ሳላበራ ሳሎን ውስጥ ተቀመጥኩ።

እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ሳለሁ፣ የአገራችን ልጆችም የራሳቸው ድራፍት ነበራቸው። ሁለት የእግር ኳስ ቡድኖች ነበሩን፤ አንዱ የምሥራቅ፣ ከሬይኖልድስበርግና ከአካባቢው፣ ሌላው የሰሜን። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ በብርዱ ወራት ከአገር ቤት የገቡ አዳዲስ ሰዎች ፓርክ ውስጥ ይሰለፉና ሁለቱ አምበሎች በተራ ይመርጧቸው ነበር። ድራፍት ያሉት በቀልድ ነው፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የመረጠው ቡድን ለአዲሱ ሰው የሚሰጠው ማሊያ ብቻ አልነበረም። መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ሥራ ያደርሰዋል፣ ፍራሽ ያመጣለታል፣ ቢሮ ለቢሮ አብሮት ይሰለፋል።

አባቴና እኔ በዲቪ የገባነው በዚያው ዓመት በጥር ወር ነበር። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች። አባቴ በወጣትነቱ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን በግራ ክንፍ ተጫውቷል፤ አሁን ግን ጎልማሳነቱንም እያለፈ ነበር። ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሥራ አግኝቷል፤ ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። በመኪናው የሚያደርሰው ባልደረባው ደግሞ ወደ ሌላ ስቴት ሊዛወር ሆነ፤ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ አባቴ መሄጃ አልነበረውም። ስለዚህ ከወጣቶቹ ጋር ሊሰለፍ ቆረጠ። መኪናውን ይፈልግ ነበር። ጮክ ብሎ ባይናገረውም፣ አንድ ጊዜ እንኳ እንደገና መመረጥን ይፈልግ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ከሁለተኛ እጅ ሱቅ የገዛውን ነጭ የሸራ ጫማ ማሰሪያ አጥቦ አሰረ፤ ቲሸርቱን ተኮሰ። ከዚያ መስተዋት ፊት በጎን ቆመ።

"ሆዴ ይታያል?" አለኝ።

"ቲሸርቱ ሰፊ ስለሆነ ብዙ አይታይም።"

"ብዙ?"

እሑድ ፀሐይ ወጥቶ ነበር፤ ነፋሱ ግን ገና በረዶ በረዶ ይላል። አዲስ የታጨደ ሣር ይሸታል። ደጋፊዎቹ ከአምልኮ እንደወጡ፣ በሙሉ ልብሳቸው፣ ታጣፊ ወንበሮቻቸውን እያንቋቁ ዘረጉ። ማንም አያውቀኝም ነበርና ብርቱካን የምትልጥ አንዲት ሴትዮ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከኋላችን ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ የከተተ ሰውዬ ለሁሉም የሚተርፍ ትንታኔ ይሰጣል።

ተሰላፊዎቹ አንድ በአንድ ስማቸውንና የሚጫወቱበትን ቦታ ተናገሩ። ተራው ሲደርስ አባቴ ደረቱን ቀና አድርጎ፣ "ግራ ክንፍ" አለ።

"በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ጋሼ?" አለ ባለከረባቱ።

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። አባቴም አብሮ ሳቀ። "ኳሷን ከካልሲ በምንሠራበት ዘመን" ሲል መለሰ፤ ጨዋታ አዋቂነቱን ወደዱለት።

ምርጫው ተጀመረ። አንድ ረጅም ልጅ ለምሥራቅ ሲጠራ እልልታው ቀለጠ። "ይሄ በረዶ ላይም ይሮጣል!" ተባለለት። ቀጥሎ አንድ ቀጭን ልጅ ሲጠራ የሰሜን ደጋፊዎች አጉረመረሙ፤ ባለከረባቱ ግን፣ "አይዟችሁ፣ ሁለት ወር በርገር አብሉት፤ ተከላካይ ይወጣዋል!" አለ። የተጠራው እየወጣ ሰልፉ በሳሳ ቁጥር አባቴ የተከፈተውን ቦታ ለመድፈን ወደ ጎን ይጠጋ ነበር። በመጨረሻ የሚጠጋው ሰው አጣ።

"እኚህ ደግሞ የማን አባት ናቸው?" አለች ሴትዮዋ ወደ እኔ ጠጋ ብላ። "ልጃቸውን ሊያደርሱ መጥተው ተሳስተው ተሰልፈው ይሆን?"

"የእኔ አባት ናቸው" አልኳት።

እጇ አፏ ላይ ቀረ። ከዚያ የላጠችውን ብርቱካን ግማሽ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። አልበላሁትም። ጨብጬው ኖሮ ጭማቂው በክንዴ ወረደ።

ተራው የሰሜን ነበር። አምበላቸው ጨዋ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ማሳፈር አልፈለገም፣ ቡድኑንም ማዳከም አልፈለገም። "ጋሼን ለእናንተ ለቀናል" አለ።

"በፍጹም!" አለ የምሥራቁ አምበል። "ተራው የእናንተ ነው፤ እንዴት ተደርጎ!"

"ኧረ በሞቴ፣ ውሰዱ!"

"እኔ ልሙት፣ አይሆንም! እናንተ!"

እንዴት ብዬ ላስረዳዎት። ማዕድ ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ሥጋ የሚገባበዙ ሰዎች ይመስሉ ነበር፤ ሳህኑ ላይ የቀረው ግን አባቴ ነው። ባለከረባቱ፣ "ኧረ ተዉ፣ ስትግደረደሩ ወጡ ቀዘቀዘ!" ሲል ደጋፊው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ። ክፋት አልነበረበትም። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ ማወቄ ግን አልረዳኝም።

አባቴ ሁለቱንም እጆቹን አነሳ። "ልጆቼ፣ አትቸገሩ" አለ። "እኔ የመስመር ዳኛ እሆናችኋለሁ። ዳኛ ደግሞ ወገን የለውም።"

የዕለቱ ትልቁ ጭብጨባ ለእሱ ሆነ። የምሥራቁ አምበል አቀፈው። "እንግዲያው ጋሼ የሁላችንም ናቸው! ነገ ጠዋት ሥራ እናደርስዎታለን።" የሰሜኑም፣ "እኛስ የት ሄደን!" አለ። ሁለቱም አድራሻችንን ተቀበሉ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አባቴ ከአሮጌ የሥራ ሰደርያው የቆረጠውን ብርቱካናማ ጨርቅ እንጨት ላይ አስሮ በሜዳው ጠርዝ ሲሮጥ ኖረ። ኳስ ግን አልነካም። ተንከባላ እግሩ ሥር ብትቆም እንኳ፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ መጥቶ እስኪያነሳት እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

ይህን ሳስብ ከምድር ቤት ሌላ ጩኸት ተሰማ። በዚህኛው ምርጫ ደስ ብሏቸዋል መሰለኝ።

ባለፈው ጥቅምት አባቴ አረፈ። ሁለቱ አምበሎች፣ አሁን ራሳቸው ሸብተው፣ ለቅሶ መጥተው እዚሁ ሳሎን ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

"በዚያ መጀመሪያ ሰሞን ጋሼን ሥራ ያመላለሳችኋቸው እናንተ ናችሁ፤ ጌታ ይባርካችሁ" አለ የምሥራቁ።

"ኧረ እኛ አይደለንም" አለ የሰሜኑ። "እናንተ ናችሁ እንጂ!"

እንደ ጥንቱ የሚግደረደሩ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ከሁለቱም ፊት ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ ወደ እኔም ዞሩ። የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

ያን የምርጫ እሑድ አመሻሹ ላይ አባቴ ደስተኛ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበው። "ነገ ሁለት መኪና ቢመጣ የትኛው ውስጥ እገባለሁ? አንደኛውን ማስቀየም እኮ ነው።" ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና፣ "ነገ ቀድሞ በደረሰው፣ ከነገ ወዲያ በሌላው" ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ምሳውን በፌስታል አንጠልጥሎ ከአፓርትመንታችን ፊት ለፊት መንገድ ዳር ቆመ። በመስኮት አየው ነበር። የመኪና መብራት በመጣ ቁጥር ፌስታሉን ወደ ግራ እጁ ያዛውርና ቀኙን ለሰላምታ ያዘጋጃል። መኪናው ያልፋል። ፌስታሉ ወደ ቀኝ እጁ ይመለሳል። ሰማዩ ነጣ፤ የትምህርት ቤቱ ቢጫ አውቶቡስ እያቃሰተ አለፈ። ያኔ ተመልሶ ገባ።

"ልደውልላቸው?" አልኩት።

"ለየትኞቹ?" አለ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ። "የምሥራቆቹ፣ የሰሜኖቹ ወስደውታል ብለው ይሆናል። የሰሜኖቹም እንደዚያው። ብንደውል ሁሉም ያፍራሉ። ልጆች እኮ ናቸው።"

የሥራ ቦት ጫማውን አውልቆ ፌስታሉ ውስጥ ከምሳው ጎን ከተተ። ነጩን የሸራ ጫማ አደረገ፤ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠረ።

"በእግርህ? በጣም ሩቅ ነው እኮ፣ አባዬ።"

"ግራ ክንፍ አይደለሁ?" አለ። "ሥራዬ ሩጫ ነው።"

በሩን ከከፈተ በኋላ ቆመ፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

"ስሚ። የምሥራቆቹ ማን እንደሚያደርሰኝ ከጠየቁሽ፣ የሰሜኖቹ በይ። የሰሜኖቹ ከጠየቁሽ፣ የምሥራቆቹ በይ። መንጃ ፈቃድ እስካወጣ ድረስ ነው።"

"እሺ" አልኩት። እንዲህ ተወሰነ። እሱም የመንገዱን የግራ ጠርዝ ይዞ ሄደ፤ ጫማው ነጭ ስለነበር እስከ ሩቅ ድረስ ይታየኝ ነበር።