ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ የወደቅሁት ፈተና

ይህ የሆነው አምና፣ ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ነው። እስካሁን የማልረሳው ፈተና ስለወደቅሁ አይደለም፤ አወዳደቄ ስለሚያኮራኝ ነው።

ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ለአስጎብኚነት ፈቃድ ሥልጠና ገብቼ ነበር። ጠፍቶ የከረመው እንግዳ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል፤ ፈቃድ የሌለው ግን እንግዳ ይዞ የአብያተ ክርስቲያናቱን በር አያልፍም። ወረቀቱ እንጀራዬ ነበር።

አሠልጣኛችን ውጭ አገር የተማረ ጨዋ ሰው ነው። ከተማ እንዴት እንደሚተረክ ሊያሳየን የጣሊያኗን የሲዬና አደባባይ በፎቶ አስተማረን። በቃሌ ያዝሁት። ሦስት ኮረብታ የሚገናኝበት ተዳፋት ላይ እንደ ማራገቢያ የተነጠፈ ቀይ ጡብ ነው። በነጭ ድንጋይ ዘጠኝ ቦታ የተከፈለው ሲሠራ ከተማዋን ይገዙ ለነበሩት ዘጠኝ ሰዎች መታሰቢያ ነው። ከታች ማዘጋጃ ቤቱና ረጅሙ ግንብ አለ፤ በበጋቸው ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ፈረስ ይጋለብበታል። እውነት ለመናገር ያምራል።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ላሊበላ አደባባይ የላትም፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ጉድጓድ ነው አለን። ጉድጓድ! ደሜ ፈላ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ እኔ ስለ አገሬ ከፎቶ ልማር ነው እንግዲህ። ግን ወረቀቱን ስለምፈልግ ያለውን ደብተሬ ላይ ጻፍሁ።

የፈተናው ቀን ቤተ ማርያም ግቢ ወሰዱን። በዕጣ የደረሰኝ ጥያቄ “አደባባይ” የሚል ነበር። ሲዬናን አንድ ሳላጎድል ተናገርሁ፤ ፈታኛችንም እሱው አሠልጣኙ ነበርና በአዎንታ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። እዚያ ላይ ባቆም አልፌ ነበር። አላቆምሁም።

“የእኛ አደባባይ ደግሞ ይኸው የቆማችሁበት ነው” አልሁ። ገና በመጣ ቁጥር ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ አፋፉ ላይ፣ ግማሾቹ እዚህ ሥር ቆመው እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። አለቱ ወደ ታች ባይፈለፈል ላይና ታች ከየት ይመጣ ነበር?

አሠልጣኙ ከጥያቄው ወጥተሻል፣ ተመለሺ አለኝ።

“እርስዎ ጉድጓድ ያሉትን ይመልሱ፣ እኔም እመለሳለሁ” አልሁት።

በሩ ላይ የተቀመጡ አንድ ቄስ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ ወደቅሁ።

ማታ ባለቤቴ አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት አለኝ። ልጆቼን ሳይ አለቀስሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ የሆቴል አንሶላ እያጠብሁ ነው የምኖረው።

በሚቀጥለው ወር እንደገና እፈተናለሁ፤ ፈታኙ ያው ሰውዬ ነው። ባለቤቴ አደራሽን እያለኝ ነው። ሲዬናን ዛሬም አንድ ሳላጎድል እናገራለሁ፤ ሲዬና ምን አደረገችኝ? ይህን ግቢ ግን ጉድጓድ ብዬ ከማልፍ አንሶላ አጥቤ ልጆቼን ባሳድግ ይሻለኛል።